ያውቁ ኖሯል? ያለ ትንኝ፣ ያለ ጀርም የሚመጣ ዝሆኔ

በወላይታ ደጋማ ቀበሌዎች የሚታየው የእግር ዝሆኔ በትንኝም ሆነ በጀርም የሚመጣ እንዳልሆነ ያውቁ ኖሯል? መነሻው በባዶ እግር የሚረገጠው ቀይ አፈር ነው። ከእሳተ ገሞራ ዐለት የተገኘው የዚህ አፈር ደቃቅ ብናኝ በእግር ቆዳ ሰርጎ ይገባና የሊምፍ ቧንቧዎችን ይጎዳል። ፖዶኮኒዮሲስ የተባለው ይህ በሽታ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

• እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመና የወላይታ ሕሙማን የተሳተፉበት የዘረመል ጥናት፣ ለበሽታው መጋለጥ በሽታ ከሚከላከሉ ዘረመሎች ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። አንድ ማሳ ላይ በባዶ እግር ከሚውሉት መካከል አንዱ ታሞ ሌላው የሚተርፍበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

• በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕሙማን የተሳተፉበት የሕክምና ሙከራ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል። እግርን በሳሙና መታጠብ፣ ቆዳን በቅባት ማለስለስ፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ሕመምተኛውን ከሥራ የሚያስቀረውን ድንገተኛ የእግር ማበጥና ማቃጠል በ19 በመቶ ገደማ ቀንሶታል።

• ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ማድረግና እግርን አዘውትሮ መታጠብ በሽታውን አስቀድሞ ይከላከላል።