ጨለማን መጠበቅ፦ የአንድ ቀን የኮከብ ጉዞ ወደ ማክቴሽ ራሞን

በእስራኤል ከቤር ሼቫ ወደ ደቡብ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዙ ሚትስፔ ራሞን ትገኛለች። ከባሕር ወለል በላይ ከ800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠች ትንሽ የኔጌቭ በረሃ ከተማ ናት። ከገደሉ ሥር 40 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 500 ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ማክቴሽ ራሞን የሚባል ጎድጓዳ ሸለቆ ተዘርግቷል። አስጎብኚዎች ከሰዓት በኋላ እንግዶቻቸውን ይዘው ወደዚህ ይወርዳሉ፤ የፀሐይ መጥለቂያን ያሳያሉ፣ ራት ያበላሉ፣ ከዋክብትን ያስመለክታሉ፣ በዚያው ሌሊትም ይመልሳሉ።

ቦታውን መጀመሪያ ያየ ሰው ከሰማይ የወደቀ ዐለት የቦረቦረው ወይም እሳተ ገሞራ የከፈተው ይመስለዋል። ሁለቱም አይደለም። የዛሬው በረሃ ጥንት ባሕር ነበር፤ ባሕሩ ያስቀመጠው ጠንካራ የኖራ ድንጋይ ከታች ያለውን ልል የአሸዋ ድንጋይ ሸፍኖት ቆየ። በኋላ መሬቱ ታጥፎ ወደ ላይ ሲነሣ ጠንካራው ሽፋን ተሰነጣጠቀ፣ ተሸረሸረም። ውኃ አሸዋማውን ድንጋይ ሲያገኘው ጠርጎ አወጣው፤ የወጣውም በወንዝ በር ነው። ስለዚህ ጥሩ አስጎብኚ አፋፉ ላይ ብቻ አያቆምም። ወደ ሥሩ አውርዶ ቀይና ቢጫውን አሸዋ፣ በዐለት ላይ ታትመው የቀሩትንም የባሕር እንስሳት ቅሪቶች በእጅ ያስዳስሳል።

አፋፉ ላይ ብዙ ጊዜ የኑቢያ የዱር ፍየሎች ይግጣሉ፤ ሰው ብዙም አይፈሩም። የወንዶቹን ቀንድ ያየ የሰሜን ተራሮች ልጅ ልቡ መደንገጡ አይቀርም፤ የዋልያችን የቅርብ ዘመዶች ናቸውና።

ፀሐይ ስትጠልቅ ሁሉም ወደ ምዕራብ ያፈጥጣል። እኔ ግን ፊታችሁን ወደ ምሥራቅ አዙሩ እላለሁ። ከአድማሱ ጥቁር ሰማያዊ ቀበቶ፣ በላዩም ሮዝ ቀለም ያለው ሌላ ቀበቶ ቀስ እያለ ይነሣል። የታችኛው በአየር ላይ ያረፈ የምድር የራሷ ጥላ ነው። ሰማዩ ፍጹም የሚጨልመው ፀሐይ ከአድማስ በታች 18 ዲግሪ ስትወርድ ሲሆን፣ በኔጌቭ ይህ እንደ ወራቱ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል። አንዳንድ ጉዞዎች ይህን ጊዜ እንደ ባዶ ቆጥረው እንግዳውን ወዲያው ቴሌስኮፕ ፊት ያሰልፋሉ። ያሳዝናል፤ የጉዞው ዋና ነገር ይኸው መጠበቅ ነውና። ዓይንም ጊዜ ይፈልጋል፦ ጨለማን በደንብ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ያስፈልገዋል፣ የአንድ ስልክ ብርሃን ግን ሁሉን ያፈርስበታል። አስጎብኚዎች ቀይ መብራት የሚይዙት የለመደ ዓይንን እምብዛም ስለማይረብሽ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሰማይ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ የተለየ ነገር አለው። በመስከረምና በጥቅምት ምሽት በስተሰሜን ምሥራቅ አምስት ከዋክብት በዚግዛግ ተሰልፈው ይታያሉ፤ ካሲዮፒያ ናት። በግሪኮች ተረት የኢትዮጵያ ንግሥት፣ የንጉሥ ሴፊየስ ሚስት ነበረች። በቁንጅና ስለተመጻደቀች የባሕር አምላክ አውሬ ላከባት፤ ልጇ አንድሮሜዳም ለአውሬው መሥዋዕት እንድትሆን ከባሕር ዳር ዐለት ላይ ታሰረች። ፐርሲየስ ደርሶ አዳናት። ጥንታውያን ጸሐፊዎች ያ ዐለት በኢዮጴ፣ በዛሬዋ ያፎ ነው ብለው ጽፈዋል፤ ዛሬም ከወደቡ ፊት ለፊት የአንድሮሜዳ ዐለት ተብሎ ይታያል። ግሪኮች ኢትዮጵያ ሲሉ ሰፊ አገር ማለታቸው ቢሆንም፣ ጠዋት በያፎ በኩል ያለፈ ቤተሰብ ማታ ንጉሡን፣ ንግሥቲቱንና ልጃቸውን በአንድ ሰማይ ላይ ያገኛል። በአንድሮሜዳ አጠገብ ደብዛዛ ጭጋግ የመሰለ ነገር አለ። ትክ ብለው ሲያዩት ይጠፋል፣ ዓይንን ትንሽ ወደ ጎን ሲያደርጉ ይመለሳል። የአንድሮሜዳ ጋላክሲ ነው፤ ርቀቱ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ነው። ዛሬ ዓይናችን የሚገባው ብርሃን ጉዞ ሲጀምር ድንቅነሽ ኖራ ካለፈች ብዙ መቶ ሺህ ዓመታት ተቆጥረው ነበር።

በጎንደር የሰሜን ኮከብ ከአድማስ 12 ዲግሪ ገደማ ብቻ ከፍ ብሎ ነው የሚታየው፤ በራሞን ከ30 ዲግሪ ያልፋል። የደቡብ መስቀል ደግሞ በግንቦት ምሽት ከጎንደር ደህና ሆኖ ሲታይ፣ ራሞን ላይ ሙሉ ቅርጹ ከአድማስ አይወጣም። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወደ እስራኤል ለመምጣት እስከ ሱዳን በእግር የተጓዙ ብዙ ቤተ እስራኤላውያን ሽፍታና ወታደር በመሸሽ በሌሊት ነበር የሚሄዱት። በዚያ የሌሊት ሰማይ ሥር የተጓዙትን እነዚህን እናቶችና አባቶች ይዛችሁ ብትሄዱ፣ አስጎብኚው ከመናገሩ በፊት ስለ ሰማዩ እነሱን ጠይቁ፤ ልጆች ያስተርጉሙላቸው።

የራሞን ጨለማ በዕድል ብቻ የቆየ አይደለም። ቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ባለ 1 ሜትር መስታወት ቴሌስኮፕ ያለውን የዋይዝ የከዋክብት መመልከቻ በ1971 በከተማዋ አቅራቢያ የተከለው ደረቅ፣ ደመና የማይበዛበትና ጨለማ ቦታ በመሆኑ ነው። በ2017 ደግሞ ማክቴሽ ራሞን በመካከለኛው ምሥራቅ የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የጨለማ ሰማይ ፓርክ ሆኖ ታወቀ። እንዲህ ያለ ዕውቅና መብራት ወደ ታች ብቻ እንዲበራና ከሚያስፈልገው በላይ እንዳይደምቅ ያስገድዳል። በእንጦጦ ያሉት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች የአዲስ አበባ መብራት እያየለባቸው መምጣቱን ለሚያውቅ፣ ይህ ጥበቃ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ግልጽ ነው።

ቀን ስትመርጡ መጀመሪያ ጨረቃን ተመልከቱ። ሙሉ ጨረቃ ገደሉን ታሳምረዋለች፣ ከዋክብቱን ግን ትሸፍናለች፤ ጨረቃ የሌለችበት ሳምንት ይሻላል። ፍኖተ ሐሊብን በደማቁ በኩል ለማየት ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለው ጊዜ ይመረጣል። በእነዚያ ወራት እንኳ ሌሊቱ ይቀዘቅዛልና ጋቢ ያዙ። ከመክፈላችሁ በፊትም አስጎብኚውን አንድ ነገር ጠይቁት፦ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ስንት ሰዓት እንቆያለን? ከሁለት ሰዓት በታች ካላችሁ ሌላ ፈልጉ።