ቴሌስኮፑ ይቆየን

የትምህርት ቤታችንን የሥነ ፈለክ ክበብ ሊቀላቀል የሚመጣ ተማሪ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ቲቸር፣ ቴሌስኮፕ አለ?» ብሎ ነው። አለ፤ ግን ቶሎ አላወጣውም። በስልኩ የናሳን ፎቶ ሲያይ የከረመ ልጅ ሳተርንን በእኛ ቴሌስኮፕ ሲያያት «በቃ ይቺው ናት?» ብሎ ዞር ይላል። ዓይኑ መጀመሪያ ሰማይ መልመድ አለበት።

ስለዚህ በደብተር እንጀምራለን። ጁፒተር አመሻሽ ላይ በምትታይበት ወቅት ባይነኩላሩን አጥር ላይ እናስደግፋለን (በእጅ ከያዙትማ ኮከቡ ሁሉ ይጨፍራል)። ልጆቹ ከፕላኔቷ ግራና ቀኝ የተደረደሩትን ነጥቦች እንዳዩአቸው ይሥላሉ፤ በማግስቱም እንደዚያው። ሁለቱን ገጾች ሲያስተያዩ ነጥቦቹ ቦታ ቀይረዋል። «አንተ ነህ አሳስተህ የሣልከው!» ጭቅጭቅ ይነሳል፤ እኔ ዝም። ጋሊሊዮም እ.ኤ.አ. በ1610 ጨረቃዎች መሆናቸውን የደረሰበት ሌሊት በሌሊት እየሣለ ነው። ከአራቱ ጨረቃዎች አንዷ ኢዮ ጁፒተርን ዞራ ለመጨረስ 42 ሰዓት ተኩል ገደማ ይበቃታል፤ በሦስተኛው ምሽት ጭቅጭቁ ራሱ ይበርዳል።

ከአራቱ ነጥቦች ሌላዋ ዩሮፓ ናት። ከበረዶ ቅርፊቷ ሥር ውቅያኖስ ሳይኖር አይቀርም ተብሎ ይታመናል፤ ናሳ እ.ኤ.አ. በ2024 ያመጠቃት መንኮራኩር ዩሮፓ ክሊፐርም እ.ኤ.አ. በ2030 ጁፒተር ዘንድ እንድትደርስ ታቅዷል። ይህን የምነግራቸው ሥዕሉን ከጨረሱ በኋላ ነው። «እኔ የሣልኳት?» ይሉኛል።

ቴሌስኮፑ የሚወጣው ያኔ ነው። አንዷ አጎንብሳ እያየች ሳለ ጁፒተር ትንሸራተትና ትጠፋባታለች። «ማነው የነካው?» ማንም አልነካውም፤ ምድር ዞራ ነው። ምድር ትዞራለች የሚለውን ከልጅነታቸው ጀምሮ ሸምድደውታል፤ ስትዞር ያዩአት ግን ያን ምሽት ነው።

ክረምቱ ይዘጋብናል፣ የአዲስ አበባ መብራትም ያስቸግረናል። (መብራት ሲጠፋ የማይናደድ የሠፈሩ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።) ቢሆንም ታድለናል፦ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስላለን የሰሜን ኮከብንም የደቡብ መስቀልንም እናያለን።

እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ዘመቻ ኢትዮጵያ በአንድሮሜዳ ህብረ ከዋክብት ያለችን ኮከብ «ቡና»፣ ፕላኔቷን ደግሞ «አቦል» ብላ ሰይማለች። አቦል በእኛ መሣሪያ አትታይም፤ ቡና ግን ሰማዩ ከጠራና ከጨለመ በባይነኩላር ትገኛለች። መሣሪያ የለንም ብላችሁ ክበብ ሳታቋቁሙ የቆያችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ አንድ ባይነኩላር ተዋሱና ዝናቡ ሲያባራ ጀምሩ።