የልጃቸውን ገዳይ «ሸሂድ» ሲሉ የሰሙ እናት

በረመዳን ምሽት፣ ከኢፍጣር በኋላ ሻይ እየተጠጣ ጨዋታ ሲደራ፣ በብዙዎቻችን ቤት የነጃሺ ታሪክ ይነሳል። ልጆችም ያውቁታል። የመካ ቁረይሾች ያሳደዷቸው የነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ተከታዮች ባሕር ተሻግረው ወደ ሐበሻ መጡ፤ ቁረይሾችም ስጦታ አስይዘው መልእክተኞቻቸውን ላኩ፤ ንጉሡ ግን ሁለቱንም ወገን አድምጠው ስደተኞቹን አሳልፌ አልሰጥም አሉ፤ ስጦታውንም መለሱ። አብዛኛውን ጊዜ ታሪኩን እዚህ ላይ እናቆመዋለን። ለዛሬው ጽሑፍ የሚቀርበው ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ነጃሺ ሲሞቱ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መዲና ላይ ሆነው ዜናውን ለሶሓቦቻቸው ነገሩ፤ ሰዎቹን አሰልፈውም አስከሬኑ በሌለበት የጀናዛ ሶላት ሰገዱላቸው። ሐውልት አልቆመም። በሩቅ አገር የሞተ መሪ በሠራው ሥራ ተከበረ፣ ዱዓም ተደረገለት።

ሰውን በመልካም ሥራው ማክበር እንግዲህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የሚያከራክረው ማን ይከበር፣ በየትኛው ሥራው ይከበር የሚለው ነው።

በዚህ ዘመን ይህን ጥያቄ ለመመለስ ከሚሞክሩ ሽልማቶች አንዱ በአቡ ዳቢ የሚሰጠው የዛይድ የሰብዓዊ ወንድማማችነት ሽልማት ነው። መነሻው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 4 ቀን 2019 የአል አዝሃሩ ታላቅ ኢማም ሸይኽ አሕመድ አል ጠይብና የካቶሊኩ ጳጳስ ፍራንሲስ በዚያች ከተማ ተገናኝተው የፈረሙት የሰብዓዊ ወንድማማችነት ሰነድ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባዔም በቀጣዩ ዓመት ያንን ዕለት ዓለም አቀፍ የሰብዓዊ ወንድማማችነት ቀን አድርጎ ሰይሞታል። ሽልማቱ 1 ሚሊዮን ዶላር አለው፤ ስያሜውም የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችን ከመሠረቱት ከሸይኽ ዛይድ የተወሰደ ነው።

የ2021 ተሸላሚዎች ሁለት ነበሩ። አንደኛው የመንግሥታቱ ድርጅት ዋና ጸሐፊ አንቶኒዮ ጉቴሬዝ ናቸው፤ ከሽልማቱ የደረሳቸውንም ለስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን እንደሚሰጡ አስታውቀዋል። ከእሳቸው እኩል የተሸለሙት ሁለተኛዋ ሰው ግን አምባሳደር አይደሉም፣ ሚኒስትርም ሆነው አያውቁም። ላቲፋ ኢብን ዚያተን ይባላሉ። ከሞሮኮ ወደ ፈረንሳይ የሄዱ፣ ሩዋን በምትባለው ከተማ አካባቢ ኖረው አምስት ልጆች ያሳደጉ፣ በከተማዋ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ እንግዳ በመቀበልና በጥበቃ ሥራ ያገለገሉ እናት ናቸው።

ሁለተኛው ልጃቸው ኢማድ የፈረንሳይ ጦር ፓራሹተኛ ወታደር ነበር። በማርች 2012 ዕድሜው 30 ነው። ሞተር ብስክሌቱን ለመሸጥ ማስታወቂያ አወጣ፤ በማስታወቂያው ላይም ወታደር መሆኑን ጠቅሷል። አንድ ሰው «ልገዛህ» ብሎ ቀጠረው። ማርች 11፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ኢማድ ቱሉዝ ከተማ ውስጥ ወደ ቀጠሮው ቦታ ሄደ። ገዢ ነኝ ያለው ሰው ተኩሶ ገደለው።

ገዳዩ ሞሐመድ ሜራህ ይባላል፤ እዚያው ቱሉዝ የተወለደ፣ ቤተሰቦቹ ከአልጄሪያ የመጡ የ23 ዓመት ወጣት ነው። በአራተኛው ቀን ሞንቶባን ውስጥ ሁለት ወታደሮች ገደለ፤ ሦስተኛውን ለዕድሜ ልክ አካለ ስንኩል አደረገው። ማርች 19 ደግሞ ወደ አንድ የአይሁድ ትምህርት ቤት ሄዶ አንድ መምህርና ሦስት ሕፃናት ገደለ። በሦስተኛው ቀን ራሱም ከፖሊስ ጋር ሲታኮስ ሞተ። ይህን ሁሉ ያደረገው በእስልምና ስም ነው። ከገደላቸው ሦስት ወታደሮች ውስጥ ግን ሁለቱ ሙስሊሞች እንደነበሩ ልብ ይሏል።

ላቲፋ ልጃቸውን ሞሮኮ ወስደው ቀበሩ። ሐዘናቸውን ይዘው ቤታቸው ቢቀመጡ ማንም አይወቅሳቸውም ነበር። እሳቸው ግን አንድ ጥያቄ ዕረፍት ነሳቸው። ይህ ልጅ ማን ነው? እናት የለውም? ማን አሳደገው? ብዙም ሳይቆዩ ወደ ቱሉዝ ተመለሱ። መጀመሪያ ልጃቸው የወደቀበትን ቦታ አዩ። ከዚያ ሜራህ ወዳደገበት ሌ ዚዛር ወደሚባለው ሰፈር ብቻቸውን ሄዱ።

እዚያ የሆነውን ከዚያ ወዲህ በየትምህርት ቤቱና በየአዳራሹ ሲናገሩት ኖረዋል። የተቀመጡ ወጣቶች አገኙና የሜራህ ቤተሰብ የት እንደሚኖር ጠየቁ። ወጣቶቹ ተገረሙ። ቴሌቪዥን አያዩም እንዴ፣ ጋዜጣስ አያነቡም ወይ አሏቸው። ሜራህ ጀግና ነው፣ ሸሂድ ነው፣ ፈረንሳይን ያንበረከከ ሰው ነው ብለውም ነገሯቸው።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ራስን በእሳቸው ቦታ ማስቀመጥ ይገባል። ልጅሽን የገደለውን ሰው፣ አንቺ በየሶላትሽ በምትጠሪው በአላህ ስም፣ «ሸሂድ» ብለው ሲያወድሱት ሰማሽ። ቃሉን ከሕፃንነትሽ ጀምሮ ታውቂዋለሽ። ምን ትያለሽ?

ላቲፋ አልጮኹም። እሱ የገደለው የመጀመሪያው ወታደር እናት እኔ ነኝ አሏቸው። ወጣቶቹ ደነገጡ፤ ይቅርታም ጠየቁ። ከዚያ ግን እነሱም የራሳቸውን ብሶት አወጡ። የሚኖሩበትን አሳዩዋቸው፤ የተዘጋብን ሰዎች ነን፣ የሚያየን የለም አሏቸው። ላቲፋ ስለዚያ ቀን ሲናገሩ፣ መከራቸውን ያመጡባቸው ዓይነት ወጣቶች ራሳቸው መከራ ላይ እንዳሉ ያዩት ያን ጊዜ እንደሆነ ይገልጻሉ። ጥፋቱን ጥፋት አይደለም አላሉም፤ ልጆቹንም ትተው አልሄዱም።

በዚያው ዓመት በልጃቸው ስም የወጣቶችና የሰላም ማኅበር መሠረቱ። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤትና ወጣት ማዕከል ይሄዳሉ፣ ማረሚያ ቤትም ይገባሉ። ልጃቸው ከእጃቸው እያመለጠ እንደሆነ የተሰማቸው ወላጆች ይደውሉላቸዋል። በእምነት የተለያዩ የፈረንሳይ ወጣቶችን ይዘው ወደ እስራኤልና ፍልስጤም የተጓዙበት ጊዜም አለ፤ በወሬ የሚያውቁትን በዓይናቸው አይተው እንዲፈርዱ ነው።

ይህ ሥራ ጭብጨባ ብቻ ያተረፈላቸው አይምሰልዎ። ላቲፋ የራስ መሸፈኛ ማድረግ የጀመሩት ልጃቸው ከሞተ በኋላ፣ ለሐዘናቸው ነው። በዲሴምበር 2015 በፈረንሳይ ብሔራዊ ምክር ቤት ሕንፃ ውስጥ፣ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ስለሚለው የአገሪቱ ሕግ በተዘጋጀ ስብሰባ ላይ እየተናገሩ ሳለ፣ ከታዳሚው መካከል በጩኸት የተቃወሟቸው ነበሩ። ራስሽን ተሸፍነሽ ስለዚህ ሕግ እንዴት ትናገሪያለሽ ነው ነገሩ። ልጃቸው የዚያን አገር መለያ ለብሶ ያገለገለ ነው፤ የተገደለውም ለዚሁ ነው። በአንድ በኩል ልጃቸውን «ከሃዲ» ብሎ የገደለ አለ፤ በሌላ በኩል በሻርፓቸው ምክንያት ከአገሩ ሰው የማይቆጥራቸው አለ። ሁለቱ ወገኖች በምንም አይስማሙም፤ ሙስሊምም ፈረንሳዊም መሆን አይቻልም በሚለው ላይ ግን አንድ ናቸው። የላቲፋ ሥራ አስቸጋሪነቱ እዚህ ላይ ነው፤ ለሁለቱም በየቀኑ መልስ ይፈልጋል። በኔ ግምት ሽልማቱ በዚያ ዓመት ከሠራው ሁሉ ትልቁ ነገር ይህችን እናት ከዓለሙ ድርጅት ዋና ጸሐፊ ጎን ማስቀመጡ ነው።

የሰጪውን ፖለቲካ የማይወድ አንባቢ ይኖራል። ሽልማቱ ከአንድ አገር መንግሥት ስም ጋር የተያያዘ ነው፤ መንግሥታት ደግሞ በአንድ እጃቸው ሲሸልሙ በሌላው እጃቸው የሚሠሩት ይታያል። ከተሸላሚዎቹም መካከል ነገሥታት አሉ፤ በ2022 የዮርዳኖሱ ንጉሥ አብደላህና ንግሥት ራኒያ ተሸልመዋል። ንጉሥ ንጉሥን ሸለመ ብሎ የሚያልፍ ሰው አልወቅስም። ቢሆንም ዝርዝሩን አንድ በአንድ ላየው ሰው ስማቸው ያልተነገረላቸው ብዙ ሠራተኞች ይገኙበታል።

ለምሳሌ በ2023 የተሸለሙት ሻምሳ አቡበከር ፋዲል ከጎረቤታችን ከኬንያ ናቸው። ሞምባሳ ላይ «ማማ ሻምሳ» ይሏቸዋል። በወንበዴ ቡድንና በጽንፈኞች መረብ የገቡ ወጣቶችን እየፈለጉ ያነጋግራሉ፤ ወደ ሙያና ወደ ቤተሰባቸው እንዲመለሱ ይረዳሉ። ሌሎች በሩቁ የሚሸሿቸውን ልጆች እሳቸው ልጆቼ ይሏቸዋል። ከእሳቸው ጋር በዚያ ዓመት የተሸለመው መቀመጫው ሮም የሆነው ሳንት ኤጂዲዮ የተባለው የክርስቲያን ማኅበር ነው። ይህ ማኅበር ለኛ ሰው ቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 መገባደጃ ጀምሮ በኢትዮጵያ የተጠለሉ የኤርትራ፣ የሶማሊያና የደቡብ ሱዳን ስደተኞችን ሕጋዊ ቪዛ አስይዞ፣ በአውሮፕላን፣ በረሃና ባሕር ሳይበላቸው ወደ ጣሊያን ወስዷል። ከተጓዦቹም ሙስሊሞች አሉ። የነጃሺን ታሪክ ለሚያውቅ ቤተሰብ ነገሩ አዲስ አይሆንበትም፤ እዚህ ስደተኛ ተቀባዮቹ ክርስቲያኖች ናቸው፣ መነሻው ደግሞ ሐበሻ ነው።

በ2024 ከተሸለሙት አንዱ ግብፃዊው የልብ ቀዶ ሐኪም ሰር መግዲ ያዕቆብ ናቸው። ኮፕት ክርስቲያን ናቸው፤ አስዋን ውስጥ ባቋቋሙት የልብ ማዕከል ታማሚ ሁሉ ያለ ክፍያ ይታከማል። አብረዋቸው የተሸለሙት ሁለቱ የኢንዶኔዥያ ትላልቅ ሙስሊም ድርጅቶች፣ በ1912 የተመሠረተው ሙሐመዲያና በ1926 የተመሠረተው ናህደቱል ዑለማ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶችን ያንቀሳቅሳሉ።

በ2025 ደግሞ ከባርቤዶስ ጠቅላይ ሚኒስትር ከሚያ ሞትሊ ጋር መድረክ ላይ የወጣው የ15 ዓመት ልጅ ነበር። ሔማን በቀለ አዲስ አበባ ተወልዶ በአራት ዓመቱ ወደ አሜሪካ የሄደ ነው። የቆዳ ካንሰርን ለማከም ሊረዳ የሚችል ሳሙና ለመሥራት እየሞከረ ነው። ሐሳቡን የጫረበት በልጅነቱ አዲስ አበባ ውስጥ ፀሐይ ላይ ሲሠሩ ያያቸው የቀን ሠራተኞች ትዝታ ነው። ሳሙናው ገና በምርምር ላይ ያለ እንጂ መድኃኒት ቤት የገባ አይደለም፤ ይህን ለልጆቻችሁ ስትነግሩ ሳትጨምሩ ሳትቀንሱ ንገሩ። ልጁ ያየውን የሰው ችግር ረስቶ አለመቅረቱ ራሱ በቂ ወሬ ነው።

በረመዳን ቤተሰብ አብሮ የሚቀመጥበት ጊዜ ስለሚበዛ ላቲፋን በተመለከተ አንድ ነገር ላንሳ። የቱሉዝ ወጣቶች «ሸሂድ» የሚለውን ቃል ከየት አመጡት? ትርጉሙን ከቤታቸው፣ ከአባታቸው ወይም ከሰፈራቸው ኡስታዝ ቢሰሙ ኖሮ፣ ሕፃናት የገደለን ሰው በዚያ ስም ለመጥራት አፋቸው እሺ ባላለ ነበር። ቤታችን ውስጥ ልጅ ከስልኩ ላይ የሰማውን ቃል ይዞ ሲመጣ፣ ብዙዎቻችን «ዝም በል፣ እንዲህ ያለ ነገር አታንሳ» ብለን እናልፈዋለን። ፈርተን ነው። ዝም ያልነውን ግን ሌላ ሰው ይመልስለታል፤ ያውም እኛ በሌለንበት። ላቲፋ በየማረሚያ ቤቱ የሚያገኟቸው ልጆች አብዛኞቹ አንድ ወቅት ላይ ጥያቄ ነበራቸው።

እሳቸው ስለ ኢማድ ሲናገሩ ደጋግመው የሚያነሱት አንድ ነገር አለ። ሜራህ ግድያውን ደረቱ ላይ ባሠረው ካሜራ ቀርጾት ነበር። በቀረጻው ውስጥ ሽጉጥ ደግኖ ኢማድን መሬት ላይ በሆድህ ተኛ ይለዋል። ኢማድ አልተኛም። አልተኛም ብሎም በአፉ መለሰለት፣ እንደቆመም ተመታ። እናቱ የማኅበራቸውን ሥራ ለምን እንደማያቋርጡ ሲጠየቁ ልጄ የሞተው ቆሞ ነው ይላሉ።