ቀመሩን ያውቁታል፤ ትርጉሙንስ?

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የሒሳብ መምህር ነኝና ክፍል ውስጥ የማየውን ላካፍላችሁ።

አምስት ተማሪዎች 42፣ 45፣ 48፣ 50 እና 95 አመጡ እንበል። ተማሪዎቻችሁን አማካዩን አውጡ ስትሏቸው ደምረው፣ ለአምስት አካፍለው 56 ይሏችኋል። ትክክል ነው። «ታዲያ ከአምስቱ አራቱ እንዴት ከአማካዩ በታች ሆኑ?» ስትሏቸው ግን ክፍሉ ጸጥ ይላል። ትምህርቱ የሚጀምረው እዚያ ጋ ነው! 95ቱ አማካዩን ወደ ላይ እንደጎተተው፣ በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሀል ላይ የሚውለው 48 ማለትም ሚዲያኑ ክፍሉን ይበልጥ እንደሚወክል ራሳቸው እስኪደርሱበት ታገሷቸው። አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ቢወስድም አይቆጭም።

ሌላው እንቅፋት ቋንቋው ነው፤ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ነው። ተማሪዎቹ መልሱን መጀመሪያ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ያስረዱ፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ ይጻፉት። ብዙውን ተማሪ የሚጥለው ስሌቱ ሳይሆን የጥያቄው ዓረፍተ ነገር ነው።

ደግሞ እባካችሁ፣ ዓመቱ ሊያልቅ ነው ብላችሁ ስታትስቲክስን አትዝለሉት። የተማሪዎቹን ቁመት በመለካት ጀምሩት፤ አንድ ሜትር ይበቃችኋል።