ተራራው ሲከለል ፍየሎቹ የት ሄዱ?

በ1997 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456፣ ተዳፋትነቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት እንዳይታረስና ከብት በልቅ እንዳይሰማራበት ደንግጎ ነበር። ክፉኛ የተጎዳ መሬት ደግሞ ተዳፋትነቱ ምንም ይሁን ምን ለተወሰነ ጊዜ ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ እንዲሆን አዟል። በየክልሉ ብዙ ተራራ ተከልሏል። ታዲያ መከለሉ ይጥቀም ይጉዳ በምን ይታወቃል?

ቀላሉ መንገድ ሣሩን ማየት ነው። የተከለለ ተራራ ጥቂት ክረምት ሲያልፍበት ይለብሳል፣ ጎርፉ ይበርዳል፣ አንዳንድ ቦታም ግርጌው ላይ ደርቆ የነበረ ምንጭ ይመለሳል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም በተከለለ ሄክታርና በተተከለ ችግኝ ቁጥር የሚያበቃ ሪፖርት ግማሹን ነገር አላየም።

ሌላው ግማሽ ያለው ከተከለለው ቦታ ውጭ ነው። እዚያ ይሰማሩ የነበሩት ፍየሎች ወደ ጎረቤት ቀበሌ የወል ግጦሽ ተሻግረው ከሆነ፣ መራቆቱ ቦታ ቀየረ እንጂ አልቆመም። ከተራራው ጭራሮ ትለቅም የነበረች እናትም ወይ ራቅ ወዳለ ጫካ ትሄዳለች፣ ወይ ኩበት ታነዳለች። ያ ኩበት ማሳ ላይ ቢበተን አፈሩን ያለማ ነበር። ተራራው ሲያገግም ማሳዋ ይከሳል ማለት ነው። ይህን የሳተላይት ምስል አያሳይም፤ ምድጃዋ ዘንድ ሄዶ መጠየቅ ያስፈልጋል።

አማካይ ቁጥርም ያታልላል። ግርጌው ላይ ማሳ ያለው ገበሬ ከጎርፍ ይድናል፣ ውሃም ያገኛል። መሬት አልባው ወጣት ግን ያለው ሀብት ጥቂት ፍየሎች ከሆኑ፣ ለሌላው ጥቅም የከፈለው እሱ ነው። የሁለቱን ውጤት ደምሮ «ቀበሌው ተጠቅሟል» ማለት ተገቢ አይመስለኝም።

ወሎ የሚያስተምረን እዚህ ላይ ነው። በደርግ ዘመን በምግብ ለሥራ ብዙ ተራራ ተከልሎ፣ እርከን ተሠርቶ፣ ዛፍ ተተክሎ ነበር። በሣሩ ቢለካ ስኬት ነበር። ገበሬው ግን አልተማከረም፤ ዛፉ የማን እንደሆነም በውል አያውቅም ነበር። መንግሥት ሲዳከምና በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ ብዙው ደን ተጨፈጨፈ። የሰውን ጉዳይ ያልመዘነ ግምገማ የደኑን ዕድሜም አስቀድሞ ማየት አይችልም።

በትግራይ የአብርሃ ወአጽብሃ ነዋሪዎች በሌላ መንገድ ሄዱ። ተራራቸውን ከልለው ውሃ ሲያቁሩ የአጠቃቀም ደንቡን ራሳቸው አወጡ። የጉድጓድ ውሃቸው ተመለሰ፤ ማኅበረሰቡም በ2004 ዓ.ም. ዓለም አቀፉን የኢኳተር ሽልማት አገኘ። ሌላ ቦታም ሣሩን አጭዶ መውሰድ ሲፈቀድና መሬት አልባ ወጣቶች ተራራው ላይ ንብ እንዲያንቡ ሲደረግ፣ ክልከላው ጠባቂ ያገኛል።

ስለዚህ ምዘናው መጀመር ያለበት ችካሉ ከመተከሉ በፊት ነው። ስንት ፍየል የት ይግጣል፣ ማገዶው ከየት ይመጣል፣ ምንጩ በየትኛው ወር ይደርቃል የሚለው አስቀድሞ ካልተመዘገበ ለውጡ በኋላ አይታወቅም። ያልተከለለ ተመሳሳይ ተራራም አብሮ ይታይ፤ አለበለዚያ ጥሩ ዝናብ ያመጣው ልምላሜ የክልከላው ውጤት ይመስላል። ከዓመታት በኋላ ተመልሶ የሚሄደው ባለሙያም ከቀበሌ ጽሕፈት ቤቱ በፊት የፍየሎቹን ባለቤቶች ያነጋግር።