ችግኝ እንዲጸድቅ፤ ከችግኝ ጣቢያ እስከ ጉድጓድ

ክረምት በገባ ቁጥር በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ባሉት በጎዛምን፣ በስናንና በማቻከል ወረዳዎች ችግኝ ይተከላል። በማግስቱ ወደ ወረዳ የሚላከው ሪፖርት የሚናገረው የተተከለውን ቁጥር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በመላው ኢትዮጵያ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ መገለጹ ይታወሳል። ያን ያህል ሕዝብ ለአንድ ሥራ መነሣቱ ቀላል ነገር አይደለም። የገበሬ ማኅበር መሪ ሊጠይቅ የሚገባው ግን ሌላ ቁጥር አለ፤ ይኸውም የሚቀጥለው ግንቦት ሲደርስ ከተተከለው ስንቱ ጸድቆ ይገኛል የሚለው ነው።

ችግኝ ሲደርቅ ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው ሰማይ ነው። በዚህ ደጋ ግን ከሰኔ እስከ መስከረም የሚጥለው ዝናብ ለአንድ ለጋ ችግኝ አያንሰውም። አብዛኛው ችግኝ የሚጎዳው በተነሣበት ቀን ነው፤ መሞቱ የሚታወቀው ግን ኅዳር ላይ ቅጠሉ ሲረግፍ ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከዝናቡ በፊት ነው። ጉድጓዱ በሚያዝያ ወይም በግንቦት ተቆፍሮ ቢቆይ ይመረጣል። ጥልቀቱም ስፋቱም ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ ከላይ የወጣው ለም አፈር በአንድ በኩል፣ ከሥር የወጣው በሌላ በኩል ይከመራል፤ በኋላ ሥሩን የሚያቅፈው የላይኛው አፈር ነው። በተከላው ዕለት ሕዝብ ተሰልፎ እየጠበቀ የሚቧጨር ጉድጓድ አንድ ስንዝርም አይሞላ። በችግኝ ጣቢያም በኩል፣ ችግኙ ከመነሣቱ ከሦስትና ከአራት ሳምንት በፊት ዳሱ እየተነሣ፣ ውኃው እየተቀነሰ ፀሐይና ነፋስ መልመድ አለበት። በጥላ ሥር ተቀማጥሎ ያደገ ጥድ ወይም ወይራ ወደ ጮቄ ግርጌ ሲወጣ ውርጩን አይችልም።

ከሁሉ የሚከፋው ማጓጓዙ ነው። ችግኙ ከመነሣቱ በፊት በነበረው ማታ በደንብ ሊጠጣ ይገባዋል። ሲነሣም ከነከረጢቱ ሥሩ ተደግፎ እንጂ አንገቱ ተይዞ መሆን የለበትም፤ አንገቱን ይዘው ያነሡት እንደሆነ አፈሩ ተንዶ ጭራ ሥሮቹ ይበጠሳሉ። በመኪና ወይም በጋሪ ተደራርቦ ተጭኖ፣ ሜዳ ላይ ተራግፎ በፀሐይ የዋለ ችግኝ ቅጠሉ አረንጓዴ ቢሆንም ግማሽ ሬሳ ነው። የዕለቱ ተካይ የሚጨርሰውን ያህል ብቻ ማምጣት፣ የተረፈውንም ጥላ ሥር አቁሞ ውኃ ማጠጣት ይሻላል።

ፕላስቲኩን በሚመለከት ክርክር የለም፤ መውጣት አለበት። በምላጭ ከጎን ተሰንጥቆ፣ ከታች የተጠማዘዘው ሥር በአንድ ጣት ስፋት ያህል ተቆርጦ ይተከላል። ከነፕላስቲኩ የተቀበረ ዛፍ ሥሩ ዙሪያውን ሲሽከረከር ይኖርና ይቀጭጫል፤ ቢያድግም አንድ ቀን ነፋስ ይጥለዋል። የወጣው ፕላስቲክ ተሰብስቦ ሲመለስ ቁጥሩ ከተተከለው ችግኝ ጋር ይመሳከር። ይህ ለመሪው ከማንኛውም ሪፖርት የበለጠ ማስረጃ ነው። ችግኙ በመደቡ ላይ በነበረበት ልክ፣ አንገቱ ሳይቀበር ሥሩም ሳይጋለጥ ቆሞ፣ አፈሩ በእግር ጠበቅ ተደርጎ ይረገጣል። ውኃ በሚያቁር ዋልካ መሬት ላይ ግን ጉድጓድ መቃብር ስለሚሆን ጉብታ ሠርቶ መትከል ይበጃል።

ቀኑስ? መሬቱ ጠልቆ ከራሰ በኋላ፣ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ቢሆን ችግኙ በጋው ሳይመጣ ሥር ለመስደድ ሁለት ወር ያህል ያገኛል። ለበዓል ወይም ለእንግዳ ተብሎ ወደ ነሐሴ መጨረሻ የሚገፋ ተከላ ይህን ዕድሜ ከችግኙ ላይ ይቀማል።

ገበሬው መትከል አያውቅም የሚል ቢኖር በዐፄ ምኒልክ ዘመን አገር የገባውን ባሕር ዛፍ በየጓሮው ይመልከት። በአዊ ዞን፣ በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ዲከረንስ የሚባለውን ግራር በመጀመሪያው ዓመት ከሰብል ጋር እየተከለ፣ በአራት በአምስት ዓመት ቆርጦ ከሰል ሲሸጥ የኖረው ያው ገበሬ ነው። እዚያ የጸደቀው ባለቤት ስለነበረው ነው። በየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ የተቋቋሙት የገበሬ ማኅበራት ከ1970ዎቹ ጀምሮ ያለሙት የወል ደን፣ መንግሥት ሲለወጥ በ1983 ዓ.ም. በብዙ ቦታ ተጨፍጭፏል፤ የእኔ የሚለው ሰው አልነበረውም። ስለዚህ ዛሬም ቀበሌው ተራራውን በሙሉ በሕዝብ ስም ከሚይዘው፣ ለጎጥ ወይም ለጥቂት አባወራዎች ከፋፍሎ፣ ሣሩን ማን እንደሚያጭድ፣ ዛፉን ማን እንደሚቆርጥ ተከላው ሳይጀመር በቃለ ጉባኤ ቢያጽፍ ይሻላል።

ከዚያ የሚቀረው አረምና ከብት ነው። መስከረም ላይ ዙሪያው ታርሞ ግርጌው በደረቅ ሣር ይሸፈናል፤ ሣሩ ግንዱን እንዳይነካ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በዚያው ሰሞን መሪዎቹ ከልማት ሠራተኛው ጋር ቦታውን ዞረው የሞተውን ይቆጥሩ፤ የሚተካው ችግኝ ለመጪው ክረምት በጊዜ እንዲፈላ ለችግኝ ጣቢያው የሚነገረው ያኔ ነው። አዝመራ ተሰብስቦ ከብቱ ሲለቀቅ ደግሞ እረኛ ወይም አጥር ከሌለ አንድ ፍየል የአንድ ጎጥ የቀን ሥራ በአንድ ከሰዓት ትጨርሳለች።