ሂጃብሽ፣ ማተብሽ እና የኩሽና እሳት

እህቴ፣ «ኩሽና ስትገቢ ሂጃብሽን አውልቂ»፣ «ማተብሽን በጥሺው» ተብለሽ ታውቂያለሽ? እኔም ሰው ቤት ስሠራ ተብያለሁ። ከመጣላትሽም ከማውለቅሽም በፊት አንድ ነገር አስቢ፦ አደጋው ምኑ ላይ ነው?

አንዳንዴ አደጋው እውነት ነው። የተንጠለጠለ ጫፍ የጋዝ እሳት ይይዘዋል፣ ሥጋ መፍጫ ማሽን ይጎትተዋል። ፖሊስተር ደግሞ ሲቃጠል ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ስለዚህ አለባበሱን አስተካክዪ እንጂ አትተዪው፦

• ለኩሽና አጭር የጥጥ ሂጃብ ልበሺ፤ ጫፉን ቀሚስሽ ውስጥ ክተቺ። ጥጥም ይቃጠላልና ወደ እሳቱ አትጠጊ።
• ማተብሽን ከልብስሽ ሥር አድርጊው።
• ሰፊ እጅጌ ሰብስቢ።

ከዚያ ረጋ ብለሽ «ማዳም፣ ሂጃብ ሰጊር፣ ማፊ ኸጠር» በያት። ትንሽ ነው፣ አደጋ የለውም ማለት ነው።

ከእሳት ርቀሽ ልብስ ስታጥፊም «አውልቂ» የምትልሽ ከሆነ ግን ነገሩ የደኅንነት አይደለም፤ የክብርሽ ነው። ለምሳሌ ኳታር በ2017 ያወጣችው የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 15 አሠሪ የሠራተኛዋን ክብርና አካል እንዲጠብቅ ያዛል። የተባልሽውን ከነቀኑ ጽፈሽ ያዢ፤ ለምታምኛት ሰው ንገሪ። ተናደሽ ከቤት አትጥፊ፣ «ጠፋች» ብለው ሊከሱሽ ይችላሉ። እጅ ካነሱብሽ ግን ነፍስሽ ይቀድማል፤ ለፖሊስ ወይም ለኤምባሲ ደውዪ።

ልብስሽን እሳት ከያዘው አትሩጪ። ሂጃቡ ከሆነ ወዲያው አውልቀሽ ጣይው፤ ቀሚስሽ ከሆነ መሬት ላይ ተንከባለዪ። የተቃጠለውን ቦታ ለ20 ደቂቃ የሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ሥር ያዢው። የተጣበቀ ጨርቅ አትላጪ፤ የጥርስ ሳሙናም አትቀቢ።